የአየሩ ርጋታ ስንት ነው? የአማተር ኮከብ ፎቶ አንሺዎች መለኪያዎች ሲዳሰሱ

ሁለት የኮከብ ፎቶ አንሺዎች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሌሊት ቴሌስኮፖቻቸውን ተክለው የአየሩን ርጋታ ቢለኩ አንዱ 1.5፣ ሌላው 2.8 አርክ ሰከንድ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሲይንግ የሚባለው ይህ መጠን የከባቢ አየር ሁከት የኮከብን ምስል ምን ያህል እንደሚያደበዝዝ ይገልጻል። አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቲም ከ4 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚኖረው መጠን ማለት ነው።

በዚህ ትንሽ ነገር ላይ ብዙ ክርክር የሚነሳው ብዙ ነገር ስለሚወስን ነው። የትኛው ካሜራ ከየትኛው ቴሌስኮፕ ጋር እንደሚጣጣም፣ ሌሊቱ ለጋላክሲ ወይስ ለጁፒተር እንደሚሻል፣ ራቅ ወዳለ ተራራ መጓዝ ድካሙን ይክስ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ቁጥር ነው። ክርክሩን ከሥሩ ለሚያይ ሰው ግን ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚለኩት ነገር አንድ አይደለም። የተለያዩ መጠኖች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ከኒውተን እስከ አንቶኒያዲ

የኮከብ ብርሃን ሕዋውን አቋርጦ ሲመጣ ቅርጹን እንደጠበቀ ነው፤ የሚታወከው በመጨረሻዎቹ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ብርሃንን የሚያጥፉት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ነፋስ የሚያምሰው አየር ኮከቡን ያወዛውዘዋል፣ ያሰፋዋል፣ ያብለጨልጨዋል። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው የብርሃን ጥናት መጽሐፉ ይህን አስተውሎ፣ ጸጥ ያለ አየር ምናልባት ከደመና በላይ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ጫፍ ላይ ይገኝ ይሆናል ሲል ጽፏል። ሐሳቡን በተግባር የፈተነው ከ150 ዓመት በኋላ የሥነ ፈለክ ሊቁ ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ቴሌስኮፖቹን ይዞ የቴኔሪፍ ደሴት ተራራ ላይ ወጣ፤ የተራራው ምስል ከቆላው እጅግ እንደሚሻልም መሰከረ።

«ይሻላል» የሚለው ቃል ግን ቁጥር የለውም። ቁጥር ለመስጠት ከተሞከሩት መንገዶች ሁለቱ እስከ ዛሬ በአማተሮች ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይኖራሉ። አሜሪካዊው ዊልያም ፒከሪንግ በ5 ኢንች ሌንሳማ ቴሌስኮፕ የሚታየውን የኮከብ ምስል መሠረት አድርጎ ከ1 እስከ 10 የሚሄድ ደረጃ አወጣ። በታችኛው ደረጃ ኮከቡ የተበተነ ብርሃን ነው፤ በላይኛው ደረጃ በመሃል ያለችው ትንሽ ክብና በዙሪያዋ ያሉት ቀለበቶች ሳይነቃነቁ ይታያሉ። የፕላኔት ተመልካቹ ዩጂን አንቶኒያዲ ደረጃ ደግሞ አምስት ነው፤ አቅጣጫውም ተቃራኒ ነው፦ 1 ፍጹም እርጋታ ሲሆን 5 ደግሞ ሻካራ ንድፍ እንኳ ለመሣል የሚያስቸግር ሁከት ነው።

ልዩነታቸው በአቅጣጫ ብቻ አይወሰንም። ፒከሪንግ የጠየቀው የኮከቡ ምስል ምን እንደሚመስል ነው፤ አንቶኒያዲ የጠየቀው ምስሉ ጸጥ የሚልባቸው ጊዜያት ምን ያህል እንደሚቆዩ ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በቪዲዮ ካሜራ ዘመን እንደ አዲስ ተነስቷል።

የዓይን ደረጃ ጠበቆች መሣሪያ አይፈልግም፣ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ ተመልካቹ በእርግጥ የሚያየውን ይናገራል ይላሉ። ትክክል ናቸው። ድክመቱ ግን ደረጃው ከቴሌስኮፑ ስፋት ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። የፒከሪንግ ሥዕሎች የ5 ኢንች ሌንስ ሥዕሎች ናቸው። በዚያ ስፋት ሳይበተን ጥቂት የሚወዛወዝ ኮከብ በ14 ኢንች መስታወት ሲታይ በብዙ ነጠብጣብ የሚፈላ ብርሃን ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በአንዱ ቴሌስኮፕ የተሰጠ 7 በሌላው ከተሰጠ 7 ጋር አይወዳደርም፤ የቴሌስኮፑ ስፋት ሳይጻፍ ደረጃውን ብቻ መመዝገብ ለሌላ አንባቢ አይበቃም።

ቀመሩ ሲመጣ

የሒሳብ ሊቁ አንድሬ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 ሁከት እንዴት ከትልልቅ ሽክርክሪቶች ወደ ትናንሾች እየተከፋፈለ እንደሚወርድ በስታቲስቲክስ አስረዳ። ዴቪድ ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ1966 ያንን መሠረት ወስዶ የአየሩን ሁኔታ በአንድ ርዝመት ገለጸ። የፍሪድ ርዝመት በግርድፉ፣ ብርሃኑ ሳይታወክ የሚያልፍበት የአየር ስፋት ነው። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሲይንጉ 1 አርክ ሰከንድ ይሆናል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 2 አርክ ሰከንድ ይሆናል። ይህ ለ500 ናኖ ሜትር ብርሃን፣ በአናት አቅጣጫ ነው።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አማተሮች ከሁሉ በላይ የሚዘነጓት ናት። ወደ አድማስ በተወረደ ቁጥር ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ይወፍራል፤ ሲይንግም በአየሩ ውፍረት 0.6 ኃይል ይብሳል። ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ባለ ኮከብ ላይ አየሩ እጥፍ ስለሆነ በአናት 1.5 የነበረው ወደ 2.3 ያድጋል። የብርሃኑ ቀለምም ለውጥ አለው፤ ነገር ግን ለውጡ እንደሚጠየቀው ጥያቄ ይለያያል። ከ500 ወደ 850 ናኖ ሜትር፣ ማለትም ወደ ኢንፍራሬድ፣ ሲኬድ ረጅም ጊዜ በተነሳ ፎቶ ላይ ያለው የኮከብ ስፋት የሚቀንሰው በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የፍሪድ ርዝመት ግን ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ያድጋል። ጋላክሲ ለሚያነሳ ሰው ኢንፍራሬድ ማጣሪያ ያለው ጥቅም ጥቂት የሆነው፣ ለፕላኔት አንሺ ግን ሌሊቱን ሊለውጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ኢንፍራሬድ ይረዳል» እና «አይረዳም» የሚሉ ሁለት ወገኖች ያለ መግባባት የሚከራከሩት አንዱ ስለ አንዱ ነገር፣ ሌላው ስለ ሌላው ስለሚናገር ነው።

የኮከብ ስፋት፦ የሁሉም ሰው መለኪያ

ካሜራ ያለው ሁሉ መለኪያ አለው። ሶፍትዌሩ በፎቶው ላይ ያሉትን ከዋክብት ለይቶ የእያንዳንዱን የብርሃን ጉብታ በግማሽ ከፍታው ላይ ያለውን ስፋት ያወጣል። ይህ ኤፍ ደብሊው ኤች ኤም በሚባል ስሙ የታወቀው ቁጥር ነው። ከፒክስል ወደ አርክ ሰከንድ የሚቀየረው የፒክስሉን መጠን በማይክሮ ሜትር ወስዶ በ206.3 በማባዛትና በቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት በሚሊ ሜትር በማካፈል ነው። 3.76 ማይክሮ ሜትር ፒክስል ያለው ካሜራ በ800 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል 0.97 አርክ ሰከንድ ይሸፍናል። የኮከቡ ስፋት ከሁለት ፒክስል በታች በሆነ ጊዜ የሚወጣው ቁጥር ከአየሩ ይልቅ የካሜራውን ጥርስ ያሳያል።

የዚህ መለኪያ ደጋፊዎች ክርክር ጠንካራ ነው፤ በመጨረሻ በፎቶው ላይ የሚወጣው ይህ ስፋት ስለሆነ ሌላውን መለካት ለምን ያስፈልጋል? ለፎቶው ጥራት ከሆነ እውነት አላቸው። ቁጥሩን «የዛሬ ሌሊት ሲይንግ» ብለው ሲጠሩት ግን ከአየሩ በተጨማሪ የሌንሱን ዲፍራክሽን (ብርሃን በሌንሱ ጠርዝ ሲያልፍ የሚያሳየውን መበተን)፣ የፎከሱን ስሕተትና የመከታተያ ሞተሩን መንቀጥቀጥ አብረው ይቆጥራሉ። እነዚህ በግምት እንደ ካሬ ድምር ይዋሃዳሉ።

በመግቢያው ላይ የጠቀስናቸው ሁለት ሰዎች ቁጥር እዚህ ላይ ይታረቃል። በአናት ያለው ሲይንግ 1.5 ነው እንበል፤ የመጀመሪያው ሰው በአናት ያለ ኮከብ ላይ አየሩን ብቻ ለክቷል። ሁለተኛው በ30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለ ጋላክሲ ያነሳል፤ አየሩ 2.3 ሰጠው። የሞተሩ የመከታተል ስሕተት በእያንዳንዱ አቅጣጫ 0.6 አርክ ሰከንድ አር ኤም ኤስ (የካሬዎች አማካይ ሥር) ከሆነ በኮከብ ስፋት ሲታሰብ 1.4 ይሆናል። ባለ 5 ኢንች ሌንሱ ራሱ 0.9 ያህል ስፋት አለው። ሲዋሃዱ 2.8 ናቸው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሌላ ወጥመድ አለ። ቴሌስኮፑ ኮከቡን እንዳይለቅ የሚያርሙት የጋይዲንግ ሶፍትዌሮች የሁለቱን አቅጣጫዎች ስሕተት ለየብቻም፣ በድምርም ያሳያሉ። 0.6 የተባለው ድምሩ ከሆነ የእያንዳንዱ አቅጣጫ ድርሻ 0.42 ገደማ ስለሆነ፣ ወደ ኮከብ ስፋት ሲቀየር 1.4 የነበረው 1.0 ይሆናል። የትኛው 0.6 እንደሆነ ሳይጻፍ የሚነገር የጋይዲንግ ቁጥር ለንጽጽር አይበቃም። እንዲሁም ጉብታውን የሚገጥሙበት የሒሳብ ቅርጽ ለውጥ ያመጣል፤ የጋውስ ቅርጽ የኮከቡን ሰፊ ጫፎች በደንብ አይገጥምም፤ ሞፋት እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ቅርጽ ይገጥማል። በአንድ ፎቶ ላይ ሁለት ሶፍትዌሮች የተለያየ ቁጥር መስጠታቸው አንዱ መንስኤ ይህ ነው።

ትናንሽ ሌንሶች ደግሞ የራሳቸው ወሰን አላቸው። በ80 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚታይ ኮከብ፣ አየር የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ፣ 1.4 አርክ ሰከንድ ያህል ይሰፋል። በዚህ ሌንስ 1 አርክ ሰከንድ የሆነን ሲይንግ ከኮከብ ስፋት ለማውጣት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ኮከብ

አየሩን ከመሣሪያው ለይቶ የሚለካው ዘዴ ዲም ይባላል። በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ክዳን ይደረጋል፤ በአንዱ ቀዳዳ ላይ ቀጭን ፕሪዝም ተጨምሮ የአንዱ ኮከብ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ይወጣል። ነፋስ ቴሌስኮፑን ቢመታ ወይም ሞተሩ ቢንቀጠቀጥ ሁለቱ ምስሎች አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። ርቀቱን የሚለውጠው በሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ያለፈው አየር ልዩነት ብቻ ነው። የዚያ ለውጥ መጠን ወደ ፍሪድ ርዝመት ይተረጎማል። የዘዴውን የዛሬ ቅርጽ የሰጠው ማርክ ሳራዚንና ፍራንስዋ ሮዲዬ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ጽሑፍ ሲሆን፣ የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ በቺሊ ለትልቁ ቴሌስኮፕ ቦታ ሲመርጥ ተጠቅሞበታል።

አማተሮች ዛሬ ይህን በ8 ወይም በ11 ኢንች ቴሌስኮፕና ፈጣን ካሜራ ይሠሩታል። ምስሉ የሚነሳው በ5 ወይም በ10 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ከረዘመ የምስሉ ውዝዋዜ ራሱን ያደበዝዝና ሲይንጉ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይወጣል። 200 ምስል ቢለካ በስታቲስቲክስ ብቻ የሚመጣው ስሕተት ወደ 6 በመቶ ይጠጋል፤ ለአማተር ሥራ ይህ በቂ ነው።

ዲምን እንደ መጨረሻ ዳኛ የሚያዩ ብዙ ናቸው። ፍርዱ ግን ያን ያህል የጸና አይደለም። ለዚያ ቴሌስኮፕ በተመረጠው የቺሊው ፓራናል ተራራ ላይ ዲሙ የሚሰጠው ቁጥር በዓመታት ውስጥ እየከፋ ሲሄድ የትልቁ ቴሌስኮፕ ምስሎች ግን አልከፉም። ሳራዚንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት ማብራሪያ ዲሙ ከመሬት አጠገብ ባለ ቀጭን የሁከት ንብርብር ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ግን በከፊል ከእርሱ በላይ እንደሆኑ ያሳያል። በአንድ ተራራ ላይ ጥቂት ሜትሮች ይህን ያህል ከለያዩ፣ በጓሮው ሣር ላይ የተቀመጠ ዲም በቤቱ ጣሪያ ላይ ስላለ ቴሌስኮፕ ምን ያህል ይናገራል? ለዚህ አጠቃላይ መልስ የለም፤ በየቦታው መለካት ይጠይቃል።

ያልተዘጋ ሌላ ነጥብም አለ። ዲም የሚያሰላው የሁከቱ ሽክርክሪቶች ወሰን የሌለው ስፋት እንዳላቸው ቆጥሮ ነው። በእርግጥ ግን ትልቁ ሽክርክሪት በአሥር በሚቆጠሩ ሜትሮች ገደማ ላይ ይቆማል፤ አንድሬ ቶኮቪኒን እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳየው በዚህ ምክንያት ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚያየው ስፋት ከዲሙ ቁጥር ያነሰ ይሆናል፤ ወሰኑ 20 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ እስከ አንድ አምስተኛ ሊደርስ ይችላል። አማተሩ በራሱ ግቢ ያለውን ይህን ወሰን የሚለካበት ቀላል መንገድ ስለሌለው፣ የዲሙና የፎቶው ቁጥር ሲለያዩ ጥፋቱን በየትኛው ላይ እንደሚጥል አያውቅም።

የፕላኔት አንሺዎች ጥያቄ ሌላ ነው

ጁፒተርን ወይም ማርስን የሚያነሳ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ምስሎችን ይቀርጽና ጥሩዎቹን ብቻ ይደራርባል። ለእርሱ የሌሊቱ አማካይ ሲይንግ ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚፈልገው ጥሩ ቅጽበት የመገኘት ዕድልን ነው። ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ዕድል አሰላው። የቴሌስኮፑ ስፋት የፍሪድን ርዝመት 5 እጥፍ ሲሆን ከ9 ምስል አንዱ ገደማ ጥሩ ነው፤ 7 እጥፍ ሲሆን ከ370 አንዱ፤ 10 እጥፍ ሲሆን ከሚሊዮን አንዱ። ሲይንጉ 2 አርክ ሰከንድ በሆነበት ሌሊት እነዚህ የ25፣ የ35 እና የ50 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፖች ናቸው። አንድ ሌሊት፣ አንድ አየር፣ ፍጹም የተለያየ ዕድል!

በ850 ናኖ ሜትር ማጣሪያ የ35 ሴንቲ ሜትሩ ቴሌስኮፕ ስፋት ከፍሪድ ርዝመት ጋር ያለው ሬሾ ከ7 ወደ 3.7 ይወርዳል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ምስሎች ወደ ዲፍራክሽን ወሰናቸው ይጠጋሉ። ወሰኑ ራሱ በሞገዱ ርዝመት ልክ 1.7 ጊዜ መስፋቱ ግን ዋጋው ነው።

ምስሎቹን የሚመርጡት ሶፍትዌሮች የጥራት ኩርባ ይስላሉ፤ ብዙዎች ያንን ኩርባ የሲይንግ መለኪያ አድርገው ያቀርቡታል። ኩርባው የሚያሳየው ግን ምስሎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ያላቸውን ደረጃ ነው። ሌሊቱ በሙሉ መጥፎ ከሆነ ከመጥፎዎቹ የተሻለው በኩርባው ጫፍ ይቀመጣል። በሁለት ሌሊቶች መካከል ለማወዳደር የሚያገለግል ነገር የለውም፤ በዚህ ላይ የኩርባው ደጋፊዎች ተሳስተዋል ማለት ይቻላል።

ብልጭታና ትንበያ

ኮከብ ሲብለጨለጭ ሲይንጉ መጥፎ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ብልጭታ በአብዛኛው የሚመጣው ከላይኛው አየር ሁከት ነው፤ ከመሬት አጠገብ ያለው ሁከት ኮከቡን ሳያብለጨልጭ ምስሉን ሊያበላሸው ይችላል። ያልተብለጨለጨ ሰማይ አይቶ ተስፋ ያደረገ ሰው የሚያዝነው በዚህ ነው። የሰማይ ጥራትና እርጋታም ሁለት ነገር ናቸው፤ ዝናብ ካጠበው በኋላ የሚመጣ ጥቁር ሰማይ ብዙ ጊዜ ሁከት የበዛበት ነው፤ ጭጋግ የነካው ሰማይ ደግሞ የረጋ ሊሆን ይችላል።

ትንበያዎቹ ከአየር ሁኔታ ሞዴሎች የነፋስን ፍጥነትና የሙቀትን ለውጥ ወስደው፣ በተለይ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን ፈጣን ነፋስ አይተው ይገምታሉ። ለሰፊ አካባቢ የሚረዱ ናቸው። በጓሮ ውስጥ ያለን ጣሪያ፣ ቀን የጋለ አስፋልት ወይም ያልቀዘቀዘ የቴሌስኮፕ መስታወት ግን አያውቁም። ሙቀቱ ያልወጣለት መስታወት በቱቦው ውስጥ የራሱን ሁከት ይፈጥራል፤ ማንም ሞዴል ይህን ሊገምት አይችልም።

ከፍታ፣ የሰሜን ኮከብና የኢትዮጵያ ሰማይ

የኒውተን ሐሳብ፣ ማለትም ከፍ ብሎ መውጣት፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮችም ለተሻለ ኦብዘርቫቶሪ ሲታሰቡ ቆይተዋል። ከፍታ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ በአንታርክቲካ ከፍተኛ የበረዶ አምባ ላይ ያለው ዶም ሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ከመሬቱ ንብርብር በላይ፣ ማለትም ከ30 ሜትር በላይ፣ ያለው መካከለኛ ሲይንግ 0.27 አርክ ሰከንድ እንደሆነ አገኘ። ከመሬቱ አጠገብ ሲለካ ግን ከ1 በላይ ነው። የሃዋዩ ማውና ኬያና ቴኔሪፍ በውቅያኖስ የተከበቡ ለብቻቸው የቆሙ ተራሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ሰፊ መሬት ነው፤ ቀን ይሞቃል፣ በበጋ ሌሊት እስከ ውርጭ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር በሜዳውና በሸለቆው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከቺሊ ወይም ከሃዋይ የተወሰደ ቁጥር ለዚህ ሰማይ አይሠራም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተለመደው አንድ ቀላል መለኪያ፣ ቋሚ ካሜራን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥሮ ውዝዋዜውን መቅዳት፣ እዚህ አይሠራም። ከአዲስ አበባ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር በአናት ካለው 6 እጥፍ ነው፤ ሲይንጉም ሦስት እጥፍ ይብሳል። 1.5 የሆነ ሌሊት 4.5 ሆኖ ይታያል። በእኔ ግምት ለኢትዮጵያ አማተር የሚስማማው ዲም ነው። በመስከረም ምሽቶች አልታይር፣ በጥርና በየካቲት ቤቴልጂውዝ በአዲስ አበባ አናት ላይ ሊባል በሚችል ቦታ ያልፋሉ፤ ዲም ደግሞ የሞተር መንቀጥቀጥን ስለሚታገሥ ርካሽ መከታተያ ይበቃዋል።

ይህ ኬክሮስ የሚሰጠውም ጥቅም አለ። ፕላኔቶች ከአዲስ አበባ ሲታዩ በከፍተኛ ነጥባቸው ላይ ወደ 57 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳሉ፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ሲይንጉን የሚያባብሰው በ11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለንደን ላይ ደቡባዊ ሆኖ የሚያልፍ ፕላኔት 15 ዲግሪ ላይ ሲቀር ከእጥፍ በላይ ይበላሻል። በሁለቱ ቦታዎች የአናት ሲይንግ እኩል ቢሆን እንኳ የፕላኔት ፎቶ ዕድል እኩል አይደለም።

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተ ወዲህ የሰማይ ፍቅር ያላቸው ወጣቶች ቁጥር አድጓል፤ ካሜራና ቴሌስኮፕም ከቀድሞው በተሻለ ይገኛል። እነዚህ ወጣቶች ፎቶ ባነሱ ቁጥር ከሲይንጉ ቁጥር ጋር የተለካበትን ዘዴ፣ ሰዓቱን፣ የኮከቡን ከፍታ፣ ማጣሪያውን፣ የምስሉን የጊዜ ርዝመት፣ የቴሌስኮፑን ስፋትና ከመሬት ያለውን ቁመት ይመዝግቡ። በየከተማው ያሉ ክበቦችም መዝገቡን በአንድ ቅጽ ይያዙት። የደጋችን ሌሊቶች በዓመቱ ወራት ምን ያህል እንደሚረጉ የሚያሳይ መዝገብ ለቀጣዩ ኦብዘርቫቶሪ ቦታ መራጮች እጅግ ያስፈልጋል፤ ይህን መዝገብ ደግሞ አማተሮች ዛሬ መጀመር ይችላሉ።